ገበያ የሚውልበት መንገድ

ሮብ ገበያ ስሟን የወሰደችው ከገበያ ቀኗ ነው። በምሥራቅ ጎጃም የሲናን ወረዳ መቀመጫ ስትሆን፣ ከደብረ ማርቆስ ተነሥቶ ሽቅብ ወደ ጮቄ ተራራ የሚያቀናው መንገድ ያገኛታል። በአዘቦት ቀን መንገዱ ለሁሉም ይበቃል፤ ተማሪው፣ ባጃጁ፣ ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሰው ምእመን ሳይገፋፉ ይተላለፋሉ። ረቡዕ ግን ሌላ ነው። ገና ጎሕ ሲቀድ ድንችና ገብስ የተጫነ አህያ፣ በግ የሚነዳ ጎረምሳ፣ ዶሮ በብብቷ ያቀፈች እናት፣ የባሕር ዛፍ አጠና በትከሻው ያጋደመ ገበሬ ከየቀበሌው ወደዚያችው አንድ መንገድ ይጎርፋል። ሚኒባሱ ጡሩምባውን እያምባረቀ፣ አይሱዙው እያጓራ በመሐላቸው ይሰነጥቃል። ደጋ ነውና አንዳንድ ጠዋት ጉሙ ጥቂት እርምጃ እንኳ አያሳይም።

በዚህ መሐል ሰው ሲገጭ መልሱ ብዙ ጊዜ ቀድሞ የተዘጋጀ ነው፦ «የእግረኛው የጥንቃቄ ጉድለት»። ሾፌሩ ይለዋል፣ ተሳፋሪው ይደግመዋል፣ የአካባቢው ሰው ሳይቀር «ምን ያድርግ፣ ዘሎ ገባበት እኮ» ብሎ ያልፈዋል። አባባሉ ፈጽሞ ውሸት ነው ማለት አይቻልም። ይሁን እንጂ ጥፋቱን በእግረኛው ጫንቃ ላይ ጥሎ መሄድ ለሾፌሩም፣ ለማዘጋጃ ቤቱም፣ መንገዱን ላሠራው መሥሪያ ቤትም እጅግ የተመቸ ነው። ሟች አይከራከርማ።

የዚህ ጽሑፍ ክርክር አጭር ነው። ገበያ በሚውልበት መንገድ ላይ መጀመሪያ መጠየቅ ያለበት መንገዱን ያበጀውና የሚያስተዳድረው ክፍል ነው፤ ቀጥሎ መሪውን የጨበጠው፤ በእግሩ የሚሄደው ተራው የሚደርሰው ከሁሉ በኋላ ነው። ዛሬ የሚታየው ቅደም ተከተል ግን ተገልብጦ የቆመ ነው።

እግረኛው የመጨረሻው ተጠያቂ ነው ማለት ድርሻ የለውም ማለት አይደለም። ኢትዮጵያ በ1956 ዓ.ም. በግራ መንዳትን ትታ ወደ ቀኝ ከተሻገረች ወዲህ መኪና ቀኙን ይዞ ይጓዛል። እግረኛ ደግሞ የእግረኛ መንገድ በሌለበት ቦታ የመንገዱን ግራ ጠርዝ ይዞ መሄድ አለበት። ግራውን የያዘ ሰው የሚመጣበትን መኪና ፊት ለፊት ያየዋል፣ ካስፈለገም ዘወር ይልለታል፤ ቀኙን የያዘው ግን አደጋው ከጀርባው ነው የሚደርስበት። ይህን ደንብ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ሁሉ ሰምቶታል። ገበያ ሲሄድ ግን ወላጆቹ አራትና አምስት ሆነው ጎን ለጎን ወሬ ይዘው፣ መንገዱን ሞልተው ሲጓዙ ያያል፤ ልጅ ደግሞ ከሰማው ይልቅ ያየውን ይከተላል።

ሌላው የተለመደ ጥፋት ከቆመ አውቶቡስ ወይም አይሱዙ ፊት ድንገት ብቅ ማለት ነው። ከመኪና የወረደ ሰው ዕቃውን ከላይ ተቀብሎ፣ ልጁን በእጁ ይዞ፣ ወዲያው በመኪናው አፍንጫ ሥር ሊሻገር ይነሣል። የቆመው መኪና ከኋላ የሚመጣውን ይጋርድበታል፤ የሚመጣው ሾፌርም ሰውየውን የሚያየው ሊገጨው ሲል ነው። መኪናው እስኪሄድ መጠበቅ የሚፈጀው ጊዜ አንድ ስኒ ቡና ከሚጠጣበት ያጥራል።

የማታው ጉዳይ ከሁሉም ይከፋል። ገበያተኛው ሸጦ፣ ለውጦ፣ ከዘመድ ጋር አንድ ሁለት መለኪያ አረቄ ቀምሶ ሲመለስ ጀምበር ትጠልቅበታለች። ነጭ ጋቢ የለበሰ በመኪና መብራት ከሩቅ ይለያል፤ ጥቁር ብርድ ልብስ የተከናነበ ግን መብራቱ አጠገቡ እስኪደርስ ከጨለማው ጋር አንድ ነው። የእጅ ባትሪ ወይም የሞባይል መብራት አብርቶ መሄድ፣ ከኋላ ለሚሄደው ሰው ነጩን ነጠላ ማልበስ፣ ከብት ሲነዱ አንድ ሰው ከፊት አንድ ሰው ከኋላ መሆን ገንዘብ አይጠይቅም። ስለ ጠጪ ሾፌር ብዙ ይነገራል፤ ጠጥቶ በእግሩ ስለሚሄድ ሰው ግን እምብዛም አይወራም። እሱም በመንገዱ ላይ ካሉት ሁሉ በላይ ለአደጋ የተጋለጠ ነው፤ ብቻውን ባይለቁት ይመረጣል።

እሺ፣ እግረኛው ይህን ሁሉ ይፈጽም እንበል። ታዲያ ግራ ጠርዝ የቱ ነው? በብዙ የገጠር ከተማ የመንገዱ ግራ ጠርዝ ወይ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ነው፣ ወይ ሽንኩርትና ቃሪያ የተዘረጋበት ጆንያ ነው፣ ወይ ተራ የሚጠብቁ ባጃጆች የተደረደሩበት ነው። ሁለት የተጫኑ አህዮች የሚነዳ ሰው ቦይ ውስጥ ገብቶ ሊሄድ አይችልም። የሚሄድበት ቦታ ሳይሰጡት «ግራህን ያዝ» ማለት ደንቡን መሳለቂያ ያደርገዋል።

አሁን ወደ መሪው እንምጣ። በከተማ ውስጥ ለቀላል ተሽከርካሪ የተፈቀደው ጣሪያ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሆኖ ቆይቷል። ቁጥሩ ለብዙ ሾፌር ትንሽ ይመስለዋል፤ ሒሳቡን ሠርቶ ያየ ግን እንዲያ አይልም። በ60 የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 17 ሜትር ገደማ ይጓዛል። ሾፌሩ ልጅ ሲሮጥ አይቶ እግሩን ከነዳጁ አንሥቶ ፍሬን እስኪረግጥ ቢያንስ አንድ ሰከንድ ይፈጃል። ከዚያ በኋላ በደረቅ አስፋልት ላይ ለመቆም ሌላ 20 ሜትር ያህል ያስፈልገዋል። መንገዱ እርጥብ ከሆነ ወይም ጠጠር ከሆነ ጠቅላላው ርቀት ከ50 ሜትር ሊያልፍ ይችላል። በ30 ቢሄድ ኖሮ በደረቅ መንገድ 13 ሜትር ላይ፣ በጠጠርም ከ20 ሜትር በታች ቆሟል። ይህ ጎማው ያላለቀ፣ ፍሬኑ የተስተካከለ ቀላል መኪና ሲሆን ነው። ድንች እስከ አፉ የጫነ አይሱዙ ከዚህ ርቆ ነው የሚቆመው።

የዓለም ጤና ድርጅትም በዚሁ ጉዳይ ሁለት ቁጥሮች ያቀርባል። አማካይ ፍጥነት በ1 በመቶ በጨመረ ቁጥር ሞት የሚያስከትል አደጋ የመድረስ ዕድል በ4 በመቶ ይጨምራል። በመኪና ፊት የተመታ እግረኛ የመሞት ዕድሉ ደግሞ ፍጥነቱ ከ50 ወደ 65 ሲያድግ አራት ተኩል እጥፍ ይሆናል። ከሮብ ገበያ ደብረ ማርቆስ ለሚሄድ ሾፌር ገበያውን በ30 ማለፍና በ60 ማለፍ የሚለያዩት በሰከንዶች ብቻ ነው፤ አንድ ኪሎ ሜትር የሚረዝም ገበያ ቢሆን እንኳ ልዩነቱ አንድ ደቂቃ ነው።

ሞባይሉ ሲጨመርበት ሒሳቡ ይብሳል። የደወለለትን ሰው ስም ለማየት ሾፌሩ ዓይኑን ለሁለት ሰከንድ ቢያወርድ፣ በ60 ፍጥነት 33 ሜትር በጭፍን ሄዷል ማለት ነው። እያሽከረከሩ በእጅ ስልክ ይዞ መነጋገር፣ ያለ ደኅንነት ቀበቶ መንዳት፣ ያለ ሄልሜት ሞተር ላይ መቀመጥ የትራፊክ መቆጣጠሪያ ደንብ ቁጥር 208/2003 የከለከላቸው ናቸው። ደንቡ ከወጣ ከአሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። ሆኖም በሞተር ሦስትና አራት ሰው ተጭኖ፣ አንዱም ሄልሜት ሳያደርግ መሄድ በደብረ ማርቆስ ዙሪያ የሚያስገርመው ሰው የለም።

የሮብ ገበያ መንገድ ሌላም ጠባይ አለው፤ ተራራ ነው። ከጮቄ ሥር ወደ ደብረ ማርቆስ የሚወርድ የተጫነ መኪና ቁልቁለቱን ሁሉ በፍሬን ልያዘው ካለ፣ የፍሬኑ ሸራ ይግላል፤ የጋለ ሸራ ደግሞ ይንሸራተታል እንጂ አይዝም። «ፍሬን በጠሰ» ተብሎ የሚነገረው አደጋ ብዙ ጊዜ በድንገት የመጣ አይደለም፤ ከላይ ጀምሮ ሲበስል የመጣ ነው። የዱሮ ሾፌሮች ይህን ከዓባይ በረሃ ተምረውታል። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው መንገድ ከሺህ ሜትር በላይ ወርዶ ድልድዩን ተሻግሮ እንደገና ይወጣል። እዚያ ነባር ሾፌር መውረድ ከመጀመሩ በፊት ማርሹን ዝቅ ያደርጋል፤ መኪናውን የሚይዘው በሞተሩ ነው፤ ፍሬኑን የሚያስቀምጠው ለክፉ ጊዜ ነው። ነዳጅ ለመቆጠብ ብሎ ማርሽ አውጥቶ በዜሮ የሚያወርድ ሰው የጥቂት ብር ነዳጅ አትርፎ የሰው ነፍስ ያስይዛል። የቦሎው ምርመራም ለዚህ ነበር የታሰበው፤ ቦሎ መለጠፍና ፍሬን መፈተሽ ግን ሁልጊዜ አብረው አይሄዱም።

ወደ ትርፍ መጫን እንለፍ። ከገጠር ወደ ዞን ከተማ በሚኒባስ የተጓዘ ሁሉ የሚያውቀው ትእዛዝ አለ። ረዳቱ የትራፊክ ፖሊስ የሚቆምበት ኬላ ሲቃረብ ወደ ኋላ ዘወር ይልና «ትርፎች፣ ዝቅ በሉ!» ይላል። በርጩማ ላይ የተቀመጡት ጎንበስ ይላሉ። «አንተ ልጅ፣ ወገቤን!» የሚሉ አሮጊት አይጠፉም። «አይዞዎት እማማ፣ አሁን እናልፋለን» ይላቸዋል። ከፊት የሚመጣው መኪና ደግሞ መብራቱን ብልጭ ድርግም አድርጎ «ትራፊክ አለ» ብሎ አስጠንቅቋል። ተሳፋሪ፣ ረዳት፣ ሾፌር፣ ከፊት የሚመጣውም ባለመኪና ሁሉም አንድ ሆነው ሕጉን ያታልላሉ። ለተሳፋሪው ሌላ መኪና የለም፤ መሽቶበታል፤ ይህ ይገባል። ሆኖም መኪናው ቢገለበጥ በርጩማ ላይ ያለውን የሚይዘው አንዳች ነገር የለም።

ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም. በሲዳማ ክልል ቦና ዙሪያ ወረዳ የሆነው የዚህ ዓይነቱ ጉዞ መጨረሻ ምን ሊሆን እንደሚችል ያሳያል። ለሠርግ የሚሄዱ ሰዎችን የጫነ አይሱዙ ከገላና ድልድይ ወንዝ ውስጥ ገባ፤ 71 ሰዎች ሞቱ። አይሱዙ የተሠራው ለዕቃ ነው፤ ወንበር የለው፣ ቀበቶ የለው፣ መውጫ በር የለው። በአማራ ክልልም መጋቢት 2010 ዓ.ም. ደቡብ ወሎ ለጋምቦ ወረዳ ውስጥ አውቶቡስ ገደል ገብቶ 38 ሰዎች አልቀዋል። እንዲህ ያሉት አደጋዎች ለጥቂት ቀናት ዜና ይሆናሉ፤ አንድ በአንድ በየገበያው ዳር የሚሞተው ሰው ግን የቀበሌው ለቅሶ ሆኖ ይቀራል። የአገሬው ሰው ግን ሳያስተውል አልቀረም፤ አይሱዙን «አልቃይዳ»፣ ሲኖትራክን «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው በከንቱ አይደለም።

ስለ ሾፌሩ ሲነገር የሚዘነጋ ነገር አለ። በብዙ ቦታ ሾፌር ወርኃዊ ደመወዝተኛ አይደለም። ለባለንብረቱ በቀን የተቆረጠ ገቢ ያስገባል፤ ነዳጁን ይሞላል፤ ጎሚስታውን ይከፍላል፤ የሚተርፈው የሱና የረዳቱ ነው። የገበያ ቀን ደግሞ የሳምንቱ ማካካሻ ናት። አንድ ምልልስ በጨመረ ቁጥር ኪሱ ይሞላል። ስለዚህ ይበርራል፣ ትርፍ ይጭናል፣ ሳያርፍ ይመለሳል። ባለንብረቱ «ቀስ ብለህ ንዳ» እያለ ገቢውን ከፍ ካደረገበት፣ ምክሩ ለወጉ ያህል ነው። የትራፊክ ቅጣት ሾፌሩን ብቻ የሚመታ ሆኖ ባለንብረቱን ሳይነካ ከቀረ ደግሞ፣ ያው ገንዘብ ከሌላ ተሳፋሪ ትርፍ ይሰበሰባል እንጂ ባሕርዩ አይለወጥም። የመንጃ ፈቃዱ ጉዳይም አለ። በ2010 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1074 የሾፌሮችን ብቃት ማረጋገጫ ሥርዓት ለማጥበቅ ነበር የታሰበው፤ በወረቀት ጥብቅ ነው። ማሠልጠኛው ሜዳ ላይ ማርሽ መቀየርና ወደ ኋላ መግባት ያስተምራል። በጉም ውስጥ፣ በቁልቁለት፣ አህያና ሕፃን በሞላበት ገበያ መሐል መንዳትን የሚያስተምረው ግን ማን ነው?

ሕጉ በቅጣት አልሰነፈም። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው የገደለ ሾፌርን በእስራት ይቀጣል፤ ሁለትና ከዚያ በላይ ሰው የሞተ እንደሆነ፣ ወይም አጥፊው ግልጽ ደንብ እያወቀ የጣሰ ወይም የሰከረ እንደሆነ ቅጣቱ ከአምስት እስከ አሥራ አምስት ዓመት ጽኑ እስራት ይደርሳል። ችግሩ ጉዳዩ ፍርድ ቤት መድረሱ ላይ ነው። ሰው በተገጨ ማግስት የሾፌሩ ዘመዶች ሽማግሌና ካህን ይዘው ወደ ሟች ቤት ይመጣሉ። እርቅ ይወርዳል፤ ካሣ ይቆረጣል፤ ምስክሩ «አላየሁም» ይላል። እርቁ ደም እንዳይቃባ፣ ቂም ትውልድ እንዳይሻገር አድርጓልና አይናቅም፤ በጎጃም ምድር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ነገር ግን ከእርቁ ጋር መረጃውም አብሮ ይቀበራል። የትኛው ኩርባ፣ የትኛው ሰዓት፣ የትኛው መኪና ሰው እንደሚጨርስ የሚያሳይ መዝገብ አይኖርም። ነገ በዚያው ኩርባ ሌላ ሰው ይገጫል።

የዚህን ክፍተት ስፋት ለማወቅ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣውን ሪፖርት ማየት ይበቃል። በኢትዮጵያ በአንድ ዓመት ውስጥ በመንገድ አደጋ ሞቱ ተብለው በይፋ የተመዘገቡት 4,352 ነበሩ። ድርጅቱ በራሱ ስሌት የገመተው ቁጥር ግን 27,326 ነው፤ ከ100,000 ሰው 26.7 ማለት ነው። ከተመዘገበው ስድስት እጥፍ ይበልጣል። ልዩነቱ ከየት መጣ ለሚል፣ ወደ ጤና ጣቢያ ሲወሰድ በመንገድ ላይ የሞተው፣ ሆስፒታል ተኝቶ በሳምንቱ ያረፈው፣ ፖሊስ ሳይሰማ በሽማግሌ ያለቀው ሁሉ ከመዝገብ ሊያመልጥ እንደሚችል ማሰብ አያስቸግርም። ከደብረ ማርቆስ ርቆ ተራራ ላይ የተገጨ ሰው ደም እየፈሰሰው በቃሬዛ የሚወርድባቸው ሰዓታት በዚህ ቁጥር ውስጥ አሉበት።

እዚህ ላይ ገበሬው ሊያውቀው የሚገባ፣ ብዙ ጊዜ የማይነገረው መብት አለ። የሦስተኛ ወገን መድን አዋጅ ቁጥር 799/2005 መኪና ሁሉ ሌላውን ሰው ለሚጎዳበት አደጋ መድን እንዲኖረው ያስገድዳል። ሲወጣ በመኪና ለተጎዳ ሰው እስከ 2,000 ብር የሚደርስ የአስቸኳይ ሕክምና የማግኘት መብት ሰጥቶታል፤ ገጪው አምልጦ ባይታወቅ ወይም መኪናው መድን ባይኖረው እንኳ ተጎጂው ባዶ እጁን እንዳይቀር የመድን ፈንድ አቋቁሟል። ያኔ ለሞት ካሣ ያስቀመጠው ጣሪያ 40,000 ብር ነበር። በዛሬ ገበያ 2,000 ብር ለአንድ ራጅና ለጥቂት መድኃኒት ላይበቃ ይችላል፤ 40,000 ብርም የጥንድ በሬ ዋጋ አይሞላም። ሕጉ ሲወጣ ትልቅ እርምጃ ነበር፤ ቁጥሮቹ ግን ከብሩ ጋር አርጅተዋል። ቢሆንም መብቱ መኖሩን የማያውቅ ሰው እሱንም አያገኝም። የታርጋ ቁጥር መያዝ፣ በመስታወቱ ላይ የተለጠፈውን የመድን ምልክት ማየት፣ ለፖሊስ ማስመዝገብ እርቁን አያፈርስም። ሽማግሌው ከተመዘገበ በኋላም ማስታረቅ ይችላል።

ታዲያ መንገዱን የሚያበጀው ክፍል ምን ያድርግ? ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1997 በፓርላማዋ የወሰነችው ነገር ለጎጃም የራቀ ይመስላል፤ ሐሳቡ ግን ቀላል ነው። ሰው ይሳሳታል፤ መንገዱ የሰውን ስሕተት በሞት እንዳይቀጣ ተደርጎ ይሠራ። በዚህ መንገድ ሄዳ በመንገድ አደጋ የሚሞትባትን ሰው ከዚያ ዓመት ወዲህ ከግማሽ በታች አድርሳዋለች። ሀብታም አገር ስለሆነች ነው የሚል ካለ፣ አዲስ አበባ ለገሃር መስቀለኛ መንገድ ላይ እ.ኤ.አ. በ2017 የተደረገውን ይመልከት። ድልድይ አልተሠራም፣ ዋሻ አልተቆፈረም። የመንገዱ ቀለም ተለወጠ፣ መኪና የሚታጠፍበት ማዕዘን ጠበበ፣ እግረኛው ቆሞ የሚጠብቅበት ቦታ ሰፋ። ሾፌር ኩርባው ሲጠብበት ሳይነግሩት ፍጥነቱን ይቀንሳል።

ለሮብ ገበያም የሚያስፈልገው ከዚህ የተለየ አይደለም። በገበያው መግቢያና መውጫ ላይ መኪናን ወደ 30 የሚያወርድ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ፣ ከጉብታው በፊት ከሩቅ የሚታይ ምልክትና ነጭ ቀለም። አህያና ከብት ከመንገዱ ወጥቶ የሚታሰርበት ሜዳ። መኪና የሚያወርድበትና የሚጭንበት ከገበያው ወጣ ያለ አንድ ቦታ፣ «ወራጅ አለ!» በተባለበት ሁሉ እንዳይቆም። አትክልት ዘርጊዎቹ ከመንገዱ ጠርዝ ጥቂት ሜትር እንዲርቁ ወሰን ማበጀት። ረቡዕ ጠዋትና አመሻሽ ላይ የሚቆም ትራፊክ ፖሊስ፤ እሱ ከሌለ አንጸባራቂ ሰደርያ የለበሱ ሚሊሻዎች። በየትምህርት ቤቱ ሰደርያ ለብሰው፣ ምልክት ይዘው ታናናሾቻቸውን የሚያሻግሩ የተማሪ ትራፊኮች አሉ፤ ልጆቹ የቻሉትን አዋቂው ሊያቅተው አይገባም።

ሁለት ተቃውሞ ይነሣል። አንደኛው የነጋዴዎቹ ነው፤ ከመንገድ ዳር ከራቅን ገዢ ያጣናል ይላሉ። እውነታቸውን ነው፤ ገዢ የሚያልፈው በመንገዱ ነው። ስለዚህ እነሱን ብቻ ማፈናቀል አይሠራም፤ አንዲት ሴት ብትነሣ በነጋታው ሌላ ሴት ትቀመጥበታለች። የመኪና መቆሚያው አብሮ ከተዛወረ ግን ተሳፋሪው የሚወርደው ገበያው ጋ ይሆናል፣ ገዢውም ይከተላል። መቆሚያውንና ገበያውን ለየብቻ ለማዛወር የሞከረ ከተማ ሁለቱንም መልሶ መንገድ ላይ ሊያገኛቸው ይችላል።

ሁለተኛው የሾፌሮቹ ነው። ጉብታው ባሊስትራ ይሰብራል፣ አምቡላንስ ያዘገያል ይላሉ። በየሰፈሩ በድንጋይና በአፈር የሚቆለለው ጉብታ በእርግጥ መኪና ይሰብራል፤ ምልክት የሌለው ጉብታ ራሱ በሌሊት አደጋ ያመጣል። በልክ የተሠራ፣ ሰፋ ብሎ ዝቅ ያለ ጉብታ ግን በ30 የሚሄደውን አይጎዳም፤ የሚጎዳው በ60 የመጣውን ነው። ስለዚህ ጎረምሶች ሰው በሞተ ማግስት በቁጣ ድንጋይ ከሚከምሩ፣ የዞኑ የመንገድ ባለሙያ በልክ ቢሠራው ይሻላል። የአምቡላንሱ ጥያቄ ተገቢ ነው፤ ሆኖም ዛሬ አምቡላንሱን የሚያዘገየው ጉብታ ሳይሆን መንገድ ዘግቶ የቆመው ገበያ ነው።

ገንዘቡ ከየት ይምጣ ለሚለው መልሱ ሩቅ አይደለም። እንደ አብዛኛው የገጠር ከተማ ሁሉ የገበያ ቀን በግና በሬ ሲሸጥ፣ መደብ ሲያዝ ማዘጋጃ ቤት ደረሰኝ ቆርጦ ገንዘብ ይሰበስባል። ከፋዩ በእግሩ የመጣው ገበሬ ነው። ከዚያ ገቢ ጥቂቱ በየዓመቱ ለቀለም፣ ለምልክት፣ ለሰደርያና ለጉብታ ጥገና ተለይቶ ቢቀመጥ፣ ቀለሙ በክረምቱ ዝናብ ታጥቦ ሲጠፋ ከዞን በጀት እስኪለቀቅ መጠበቅ አይኖርም። የሚቀጥለው በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ከመጀመሩ በፊት የከተማዋ ምክር ቤት ይህን አንድ መስመር በዕቅዱ ውስጥ ማስገባት ይችላል። ስንት ሰው በየትኛው ቦታ እንደተገጨ የሚጽፍ አንድ መዝገብም ከጤና ጣቢያው ጋር አብሮ ይከፈት፤ ጉብታው የት መሠራት እንዳለበት ለባለሙያው የሚነግረው እሱ ነው።